ገበያ ወጥቶ እራት ለመብላት፦ ደሴ ላይ ከጓደኛ ጋር አንድ ምሽት እንዴት ይሰናዳል?

ከጓደኛ ጋር ገበያ ዞሮ፣ ቤት ገብቶ አብስሎ፣ ቡና አፍልቶ ማምሸት ምንም መመሪያ የማያስፈልገው ነገር ይመስላል። ደሴ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ምሽቱን የሚያበላሸው የወጡ ጣዕም ሳይሆን የነገሮች ቅደም ተከተል ነው። ጨርቁ በአምፖል ብርሃን ተገዝቶ ጠዋት ቀለሙ ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ ዓሣው ቀድሞ ያልቃል፤ የመግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ የሚሰገደው ሶላት) ሰዓት ገበያ መሐል ይደርሳል፤ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ያመልጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚጀምረው ከገበያው ሳይሆን ከገበታው ነው። ምን እንደሚበላ ይወሰናል፣ ሰዓቱ ይለካል፣ ከዚያ በኋላ ዘንቢል ይነሣል።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ምሳሌ እንያዝ። እርስዎ የደሴ ነዋሪና ክርስቲያን ነዎት፤ ጓደኛዎ ሙስሊም ናት፤ ከኮምቦልቻ ትመጣለች። ወሎ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ጓደኝነት ማግኘት ያስቸግራል። ቦታችሁ ቢለዋወጥም አሠራሩ ያው ነው።

1. ቀኑን መምረጥ

ሳምንቱን ቁጭ ብለው ይቁጠሩት። ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ከትንሣኤ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በቀር ረቡዕና ዓርብ ይጾማል። በሃይማኖቷ የበረታች ሙስሊም ደግሞ ሰኞና ሐሙስ የሱና ጾም ትጾም ይሆናል። ሁለታችሁም እንደ ልባችሁ የምትበሉባቸው ቀናት እንግዲህ ማክሰኞ፣ ቅዳሜና እሑድ ናቸው።

ሰኞ ግን የሰኞ ገበያ ቀን ነው። ከገጠሩ የሚመጣው እህል፣ ቅቤ፣ ዶሮ፣ በርበሬና የሸማ ሥራ በዚያ ቀን ይበዛል። ምርጫ የሚወድ ሰው ሰኞን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ጓደኛዎ ከጾመች እራቱ ማፍጠሪያ ይሆናል ማለት ነው፤ ያኔ ተምርና ውሃ መጀመሪያ ይቀርባል፣ ዋናው ምግብም በሰዓቱ መድረስ አለበት። የጾመን ሰው «ሽንኩርቱ ትንሽ ይብሰል» እያሉ ማቆየት ነውር ነው። ይህን ካልቻሉ ሰኞን ይተዉት።

2. የሚበላውን መወሰን

ዋናው ጉዳይ ሥጋ ነው። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም፤ ሥጋ ቤቶቹም በመስቀልና በጨረቃ ምልክት ተለይተው ይታወቃሉ። የወሎ ሰው ለሠርግና ለድግስ መላውን ያውቃል፤ ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በራሳቸው እጅ የሚታረድ ለብቻ ያዘጋጃል፣ ሙስሊሙም እንዲሁ ያደርጋል። ለሁለት ሰው እራት ግን ሁለት ዓይነት ሥጋ በሁለት ድስት መሥራት ድካም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሁለት ጓደኛሞች በአንድ ትሪ ላይ መሐል ለመሐል ድንበር አበጅተው ሲበሉ ማየት ደስ አይልም።

እኔ የምመክረው ዓሣ ነው። ዓሣ ባራኪ አያስፈልገውም፣ «ማን አረደው?» የሚል ጥያቄም አያስነሣም። የሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የሐይቅ ቆሮሶ ደሴ የሚደርሰው ሳይርቀው ነው። አምባዛም ይገኛል፤ ነገር ግን ቅርፊት ስለሌለው የማይበሉት ሰዎች አሉ፤ ጠይቀው ካልሆነ አይግዙት። የእራቱ ቀን ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ ዓሣውን በጾም የሚበላም የማይበላም ክርስቲያን ስላለ የራስዎን ልማድ ይከተሉ፤ ጓደኛዎ ሽሮ ስለቀረበላት አትቀየምም።

ከዓሣው ጎን በዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ቲማቲም በቃሪያ እና እንጀራ ካለ ለሁለት ሰው በቂ ነው። የአራት ዓይነት ወጥ ምኞት ካለዎት ለበዓል ያቆዩት።

ስለ ዕቃውም ይታሰብ። የመጥበሻው ዘይት አዲስ ይሁን፤ ሥጋ የተጠበሰበትን ዘይት መልሶ መጠቀም እዚህ ላይ አይሆንም። ሥጋ የማይሠራበት ድስትና መጥበሻ ካለዎት እሱን ያውጡ። ከሌለዎት በሙቅ ውሃና በሳሙና በደንብ ያጥቡና ለጓደኛዎ በግልጽ ይንገሯት። ያልተጠየቀ ሰው ዝም ብሎ ይበላል ብሎ ማሰብ ወዳጅነትን አይመጥንም።

3. ጠዋት የሚያልቁ ሥራዎች

ዓሣ ጠዋት መጥቶ ቀን ያልቃል። ስለዚህ በማለዳ ዓሣ ሻጩ ጋ ደውለው ወይም ሄደው ያስቀምጡ። ለሁለት ሰው መካከለኛ የሆኑ 3 ቆሮሶ ይበቃሉ። ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆድ ዕቃው ወጥቶ እንዲጠብቅዎ ይንገሩት፤ ጭንቅላቱን ግን አያስቆርጡት። የዓሣ ትኩስነት የሚታወቀው በጭንቅላቱ ነው፦ ዓይኑ ጥርት ያለና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ (መተንፈሻው) ሲገለጥ ቀይ መሆን አለበት። ሥጋውን በጣት ሲጫኑት ተመልሶ ካልሞላ ትናንት የመጣ ነው፤ «አብሽሪ፣ ዛሬ ነው የገባው» ቢሉዎትም ይለፉት። በዕለቱ ዓሣ ካልተገኘ እንቁላል ፍርፍር ያድንዎታል፤ እሱም የማንንም ቢላዋ አይጠይቅም።

እንጀራም ከጠዋቱ ይታዘዝ። ማታ ለማታ የሚገኘው የተረፈው ነው። ከሰልና ክብሪት መኖሩንም ይመልከቱ፤ መብራት ቢጠፋ እራቱ እንዳይቀር።

ለጓደኛዎም ይደውሉላትና ሁለት ነገር ይንገሯት። አንደኛው ወፍራም ልብስ እንድትይዝ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ አየሩ ይለወጣል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የደሴ ምሽት አጥንት ይሰብራል። ሁለተኛው፣ የምታድር መሆኗን ነው። ቡና ሦስተኛው እስኪደርስ ተቀምጦ የኮምቦልቻ መኪና አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። የማታድር ከሆነ ምሽቱን ወደ ምሳ ይለውጡት፤ እውነቴን ነው።

4. ጨርቅ በፀሐይ፣ አትክልት በማታ

ጓደኛዎን ከቀኑ 9 ሰዓት ከ30 ላይ ፒያሳ ይቀበሏት። ለምን እንዲህ በጊዜ? ደሴ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት ጥቂት ቀደም ብሎ ጀምሮ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው፤ ነገር ግን የጦሳ ተራራ በምዕራብ በኩል ስለቆመ ከተማዋ ላይ ጥላው ቀድሞ ይወርዳል። ለጨርቅ የሚሆን ብርሃን የሚያገኙት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ጋቢና ነጠላ። ነጠላ ሁለት ንብር፣ ጋቢ አራት ንብር ነው። ንብሩን ጠርዙ ላይ ገልጠው ይቁጠሩ፤ አንዳንዱ ጋቢ ተብሎ የሚሸጥ ነገር አጣጣፉ ብቻ ነው ወፍራም። ከዚያ ጨርቁን ወደ ደጅ አውጥተው ወደ ሰማይ ከፍ አድርገው ይዩት። የእጅ ፈትል ከሆነ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የፋብሪካ ክር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነው። ሁለቱም ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን የለበትም። የእጅ ፈትል ለሙቀት፣ የመነን ክር ለንጣትና ለልስላሴ ይመረጣል። ጥለቱ ላይ እርጥብ መሐረብ አሸት አድርገው ይዩ፤ ቀለም ከነካው መጀመሪያ ሲታጠብ ነጩን ሁሉ ያበላሸዋል። ሻጩ ይህን ሲያዩ ከተቆጣ መልሱን አግኝተዋል።

ለብርድ የሚሆን ነገር የፈለገ ሰው የወሎ ደጋ የበግ ጠጉር ባናንም ይጠይቅ። ይከብዳል፣ መጀመሪያ ላይም ይኮሰኩሳል፤ ሙቀቱ ግን የሚያወዳድረው የለም። ከመግዛትዎ በፊት ያሽትቱት። ጠጉሩ በደንብ ካልታጠበ የበጉ ሽታ ከቤት ለመውጣት ወራት ይፈጅበታል።

ክርክርን በተመለከተ አንድ ሕግ አለ፦ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ አታድንቁ። አንዷ ጨርቁን ስታገላብጥ ሌላዋ ዝም ትበል፣ ቢቻል በር በሩን ትመልከት። «ውይ ሲያምር!» ከሁለት አፍ ከወጣ ዋጋው አለቀለት። ሰላምታ ግን አይቀርም። ሱቅ ገብቶ ሳይጠያየቁ «ስንት ነው?» ማለት ወሎ ላይ እንደ ጠብ ይቆጠራል፤ ስለ ጤናና ስለ ቤተሰብ ጠይቀው ከተቀመጡ በኋላ ዋጋውም ለስለስ ይላል። ሻጩ «ወላሂ አላተረፍኩበትም» ሲል አይሙገቱት፣ አይመኑትም፤ ፈገግ ብለው ሁለት ሌላ ሱቅ ዞረው ይምጡ። ሲመለሱ ያው ጨርቅ ላይ ያለው መሐላ ይቀንሳል።

ጨርቁ ካለቀ በኋላ ወደ አትክልቱ። ይህ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቀይ ሽንኩርት ግማሽ ኪሎ፣ ቲማቲም ግማሽ ኪሎ፣ አራት ቃሪያ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ ሁለት ሎሚ። ሽንኩርቱ አንገቱ ላይ የደረቀና የጠበቀ ይሁን። ከቆላው የወጣ ማንጎ ወይም ፓፓያ ካገኙ ለእራት ማብቂያ ያዙ። ለአትክልት ሻጭ ዝርዝር ብር ይያዙ፤ በስልክ መክፈል የሚቻልበት ቦታ ቢበዛም ኔትወርክ ሲጠፋ ቲማቲም ይዞ ቆሞ መጠበቅ ያሳፍራል።

ዓሣው የመጨረሻው ነው። ከጋቢው ጋር በአንድ ዘንቢል አይገባም፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን ሲቸኩል ሁሉም ይረሳዋል። እጅ ከሞላ ባጃጅ ይያዙ፤ ዋጋውን ሳይሳፈሩ ይስማሙ።

5. መግሪብ ቤት ውስጥ እንዲገኛችሁ

ፀሐይ ስትጠልቅ ቤት ይድረሱ። ገበያውም በዚያ ሰዓት መዝጋት ስለሚጀምር የሚያመልጥዎት ነገር የለም። ጓደኛዎ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ) የምታደርግበት ሞቅ ያለ ውሃ አስቀድመው ጣድ አድርገው ይጠብቋት፤ የደሴ የቧንቧ ውሃ በዚያ ሰዓት ጣት ያደነዝዛል። ንጹሕ አንሶላና ፀጥ ያለ ጥግ ይስጧት፤ ቴሌቪዥኑም ይዘጋ።

ቂብላውን፣ ማለትም የሶላቱን አቅጣጫ፣ አታፈላልጉት። መካ ከደሴ በትክክል ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል፤ የሁለቱ ከተሞች የኬንትሮስ ልዩነት አንድ ዲግሪ እንኳን አይሞላም። ጦሳን በግራ እጇ አድርጋ ከቆመች ፊቷ ወደ ሰሜን ነው። ጨለማ ከሆነ ስልኳ ላይ ያለው አቅጣጫ ጠቋሚ ይበቃል።

እሷ ስትሰግድ እርስዎ ሽንኩርቱን ይክተፉ።

6. ማብሰል

ደሴ ላይ የሚያበስል ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ከፍታው ውሃን ቶሎ ያፈላዋል፣ ምግብን ግን ቶሎ አያበስለውም። 2,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እየተንፈቀፈቀ እያዩት ከቆላው ውሃ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ሽምብራና ባቄላ ቶሎ የማይበስሉት፣ ድንች የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ጓደኛዎ የኮምቦልቻን ሰዓት ቆጥራ «ደርሷል» ብትል አይስሟት። ጥብስ ግን በዘይት ሙቀት ስለሚበስል ይህ አይመለከተውም፤ ዓሣን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ሽሮው ቀድሞ ይጣድ። አንድ ትልቅ ሽንኩርት ደቆ ይከተፍና በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት እስኪለሰልስ ይቁላላ። ነጭ ሽንኩርት ይጨመር። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ገብቶ ሲፈላ አምስት የሾርባ ማንኪያ ምጥን ሽሮ በአንድ እጅ እየተነሰነሰ በሌላው እየተማሰለ ይግባ። በአንድ ጊዜ ከተገለበጠ ይጓጉላል፤ የጓጎለ ሽሮን ደግሞ ማማሰያ አያድነውም። እሳቱ ይቀነስና 25 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። ጥሬ ጥሬ ማለቱን ትቶ ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ደርሷል። ጨው መጨረሻ ላይ።

ሽሮው እየተንተከተከ ዓሣውን ያዘጋጁ። በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው በደንብ ያድርቁት፤ እርጥብ ዓሣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱ እጅ ላይ ይረጫል፣ ቆዳውም መጥበሻው ላይ ይቀራል። በሁለቱም ጎን ሦስት ሦስት ቦታ ሰያፍ ሰንጠቅ ያድርጉት፣ ጨውና ሎሚ ውስጡ ድረስ ይሹት፣ አሥር ደቂቃ ያቆዩት። ከሎሚው የወጣውን ውሃ እንደገና ያድርቁና በስስ ዱቄት ያንከባልሉት።

ዘይቱ የዓሣውን ግማሽ የሚሸፍን ያህል ይሁን። ቁራጭ ሽንኩርት ሲጥሉበት ወዲያው ከተንጫጫ ደርሷል። አንድ ጎኑን ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ሳይነኩት ይተዉት፤ ቡኒ ሳይሆን የሚያገላብጥ ሰው ዓሣውን ይገነጣጥለዋል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ይገልብጡት። ሦስቱን ባንድ ላይ አይጨምሯቸው፤ ዘይቱ ይበርድና ዓሣው መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል።

ቲማቲሙን የመክተፍ ሥራ ለጓደኛዎ ይተዉላት። እንግዳ እጇን አጣጥፋ ካስቀመጧት ወሬው ይቀዘቅዛል።

7. ገበታው ላይ

የእጅ ውሃ ሞቅ ብሎ ይቅረብ። እሷ «ቢስሚላህ» ትበል፣ እርስዎም የራስዎን ጸሎት ያድርሱ፤ በዚህ ላይ ወሎ ለሌላው ያስተምራል እንጂ አይማርም። የዓሣ እሾህ የሚቀመጥበት ሳህን ለብቻ ያስፈልጋል። በዓሣ ጉርሻ ከማጉረስዎ በፊት እሾሁን ለቅመው ያውጡ፤ ፍቅር ጉሮሮ ላይ እንዳይቀር።

ቤት ውስጥ ማብሰል ያልቻለ ሰው ውጭ መብላት ይችላል። ያኔ በያይነቱ ማዘዝ ቀላሉ መውጫ ነው። ሥጋ ካማራችሁ ግን በምልክቱ ለይታችሁ ግቡ፤ አንዳችሁ ሥጋውን፣ ሌላኛችሁ ከሥጋ ነጻ የሆነውን ብትበሉ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም።

የገንዘቡ ጉዳይ ሳይነጋገሩ አይደር። ባለቤት እንግዳን አላስከፍልም ይላል፣ እንግዳም ባዶ እጄን አልገባም ትላለች፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ዓሣውንና እንጀራውን እርስዎ፣ ቡናውንና ፍራፍሬውን እሷ እንድትገዛ አስቀድሞ መስማማት ገበያ መሐል ብር መገፋፋትን ያስቀራል። ጋቢው ላይ ግን ሁሉም የየራሱን ይክፈል።

8. ቡናውና ከሰሉ

ሙሉ ሥርዓቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ እሳቱ እራት ላይ ሳላችሁ ይቀጣጠል። ጥሬው ቡና ታጥቦ እዚያው ይቆላ፤ ጭሱ ለሁለታችሁም ይዙር። ቁርሱ ቆሎ ቢሆን ይበቃል። አቦሉ ከተጠጣ በኋላ ቶናው፣ ከዚያ በረካው ይመጣል፤ በረካውን ሳይጠጡ መነሣት ምርቃቱን ትቶ እንደ መሄድ ነው። ቡና ከመሸ እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ቶናውንና በረካውን በግማሽ ስኒ ይቀበል እንጂ አይከልከል።

አሁን አንድ ቀልድ የሌለበት ነገር። የደሴ ብርድ በርና መስኮት ያስዘጋል፤ ከሰል ምድጃው ደግሞ ክፍሉን ደስ በሚል ሁኔታ ያሞቃል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ከሰሉ ጭስ ማቆሙ መርዙ አለቀ ማለት አይደለም፤ አመድ የለበሰ ፍም እንኳን ያመነጨዋል። ቡናው እየፈላ ሳለ አንድ መስኮት ክፍት ይሁን። አንዳችሁ ራስ ምታት ወይም ማጥወልወል ከተሰማችሁ «ጭሱ ነው፣ ያልፋል» ሳትሉ ወዲያው ወደ ደጅ ውጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከነፍሙ ከቤት ይውጣ፣ ውሃ ይፍሰስበት። ለእንግዳዋ ሙቀት ብሎ ምድጃ ክፍሏ ውስጥ ማሳደር በጭራሽ አይሆንም። አዲሱን ጋቢ ደርቡላት፤ የተገዛው ለዚህ አይደል?

9. ጠዋት

ጓደኛዎ ለሱብሒ (ለንጋት ሶላት) ስለምትነሣ ውሃ የማሞቂያውን ነገር ማታውኑ ያሳዩዋት። ዕቃዋ ማታ ተለይቶ በር አጠገብ ይቀመጥ፤ ሁለት ተመሳሳይ ነጠላ ከገዛችሁ ምልክት ይደረግበት። የተረፈ ዓሣ ማቀዝቀዣ ከሌለ ለቁርስ አይቀርብም።

ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሲሞላ ነው የሚነሣው፤ ሥራ የምትገባ ከሆነ በማለዳ ትውጣ። መንገዱ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ስለሆነ ቁርሱ ቀለል ያለ ይሁን፣ መኪና የሚያዞራት ከሆነም ከፊት ወንበር ትያዝ።